የሆቴሉ ኮከብና የትከሻው ኮከብ

በአዲስ አበባ የቤትና የአልጋ ገበያ “ኮከብ” የሚለውን ቃል ያህል በነፃ የሚታደል ነገር የለም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤቱን ሶፋ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን አስገብቶ በቀን ወይም በወር የሚያከራየው ባለቤት “ባለ ኮከብ ደረጃ ፈርኒሽድ” ይላል። ደላላውም ያንኑ ተቀብሎ ለደንበኛው ያደርሳል። ደንበኛው ዋጋውን ሲሰማ ይደነግጣል፤ “ኮከብ” ሲባል ደግሞ ትንሽ ይረጋጋል። ቃሉ ገንዘብ ያወጣል ማለት ነው። ገንዘብ የሚያወጣ ነገር ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል። ለመሆኑ ይህን ኮከብ ማን ሰጠው? በምን መስፈርት? መቼ?

ልደታ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ሰፈር ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረው እዚሁ ሲሆን፣ ኋላም የጦር ሠራዊቱ አቪዬሽን ተጠቅሞበታል። ከልደታ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው የቀላል ባቡር መስመር የሚያበቃውም ጦር ኃይሎች ላይ ነው። በዚህ መስመር የሚመላለስ ሰው ሁለት ዓይነት ኮከብ ያጋጥመዋል፤ አንዱ ሆቴል ደጃፍ ላይ የተለጠፈ፣ ሌላው መኮንን ትከሻ ላይ የተሰካ። ሁለቱ ኮከቦች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በትርጉም ግን የተለያዩ ናቸው። ልዩነታቸውን የሚያውቅ ነጋዴ በቀላሉ አይታለልም።

የትከሻው ኮከብ

በአገራችን የጦር ማዕረግ ኮከብ ከማንጠልጠሉ በፊት የቦታና የቁጥር ስም ነበር። ፊታውራሪ በሰልፉ ፊት፣ ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራአዝማች በግራ የሚሰለፈውን ጦር የሚመራ ነው። የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃ ሲባልም ሹሙ በሥሩ ያለውን ሰው ብዛት ይናገራል። ሻለቃም የሺህ አለቃ ማለት ነው። ማዕረጉ ጌጥ ሳይሆን የኃላፊነት ልክ ነበር።

ኮከቡን በተመለከተ ከሚጠቀሱት ቀደምት ትእዛዞች አንዱ የጆርጅ ዋሽንግተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1780 ዋሽንግተን የአሜሪካ ብርጋዴር ጄኔራሎች 1 ኮከብ፣ ሜጀር ጄኔራሎች ደግሞ 2 ኮከብ በትከሻቸው ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። በኋላ ሌተና ጄኔራል ባለ 3፣ ጄኔራል ባለ 4 ኮከብ ሆነ። “ባለ አራት ኮከብ ጄኔራል” የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው።

የእንግሊዞች ሥርዓት ግን ሌላ ነው። በእነሱ ዘንድ የመቶ አለቃ 2 ኮከብ፣ ሻምበል 3 ኮከብ ይይዛል። ሻምበሉ ወደ ሻለቃነት ሲያድግ ሦስቱም ኮከቦች ይወርዱና በአንድ ዘውድ ይተካሉ። እንግዲህ ኮከብ ብቻ የሚቆጥር ሰው ሻምበሉን ከሻለቃው በላይ ሊያስቀምጠው ነው! ስሞቹም ቢሆኑ ያሳስታሉ። ሜጀር፣ ማለትም ሻለቃ፣ ከሌተናንት ይበልጣል፤ ሌተና ጄኔራል ግን ከሜጀር ጄኔራል ይበልጣል። ምክንያቱ የዱሮው ማዕረግ “ሳርጀንት ሜጀር ጄኔራል” ይባል የነበረ መሆኑና “ሳርጀንት” የሚለው ከጊዜ ብዛት መቅረቱ ነው። ሠንጠረዡን ሳያውቁ ኮከብ መቁጠር ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ግን የትከሻው ኮከብ አንድ የማይናወጥ ሕግ አለው፤ ማንም ለራሱ አይሰጠውም። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 መሠረት ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረግ የሚሰጠው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በፕሬዚዳንቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ብርሃኑ ጁላ ፊልድ ማርሻል ሲሆኑ አገር በይፋ ሰምቶ ነው። ሰጪው ይታወቃል፤ ቀኑ ይታወቃል፤ ማዕረጉም በደረጃዎች ሠንጠረዥ ላይ ቦታ አለው። ያልተሾመ ሰው ኮከብ ገዝቶ ትከሻው ላይ ቢሰካ የሚጠብቀው ፖሊስ ነው።

የደጃፉ ኮከብ

በሆቴሉ ዓለም ነገሩ እንዲህ የጠበቀ አይደለም። ኮከብ በመጀመሪያ የመንገደኞች መመሪያ መጻሕፍት ምልክት ነበር። ሚሽሊን የተባለው የፈረንሳይ ጎማ አምራች እ.ኤ.አ. በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ በ1931 ደግሞ ባለ 2 እና ባለ 3 ደረጃ ጨመረበት። የሚሽሊን ኮከብ የሚመሰክረው ግን ስለ ወጥ ቤቱ እንጂ ስለ አልጋው አይደለም። ሆቴሎችን በተመለከተ ዓለም አቀፍ የሆነ አንድ ወጥ መለኪያ እስከ ዛሬ የለም። በርከት ያሉ የአውሮፓ አገሮች እንኳ መስፈርታቸውን ለማቀራረብ የጋራ ኅብረት የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው ቡርጅ አል አረብ “ባለ 7 ኮከብ” ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል። እንዲህ ያለ ደረጃ ግን በይፋ የለም፤ የወሬና የማስታወቂያ ሹመት ነው።

በእኛም አገር የወሬ ሹመት ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። የሆቴሉ ባለቤት ሕንፃውን አስመርቆ፣ ኮከቡንም ራሱ ቆጥሮ ይለጥፍ ነበር። ይህን የቀየረው በ2007 ዓ.ም. የተደረገው ምዘና ነው። የያኔው የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት በመጡ ባለሙያዎች እገዛ የአዲስ አበባን ሆቴሎች አስመዘነ። በዚያ ዙር 5 ኮከብ ያገኙት 3 ብቻ ነበሩ፤ ሸራተን አዲስ፣ ኤሊሊ ኢንተርናሽናልና ካፒታል ሆቴልና ስፓ። ከጠበቁት በታች ያገኙ ሆቴሎች ቅሬታቸውን አሰሙ። ወቅቱ ደግሞ ከተማዋ በሐምሌ ወር ሦስተኛውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ለልማት ጉባኤ ለማስተናገድ የምትዘጋጅበት ነበር። እንዲህ ዓይነት ጉባኤ ላይ የሚመጣ እንግዳ አልጋ የሚይዘው ከሩቅ ሆኖ ነው። ክፍሉን ሳያይ ስለሚከፍል የሚተማመነው ኮከቡን ነው።

የኮከብ ኢኮኖሚያዊ ፋይዳም እዚህ ላይ ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ሦስተኛ ወገን የሚሰጠው ምስክርነት ዋጋ አለው። ምስክሩ ራሱ ሻጩ ሲሆን ግን ምስክርነቱ ከተራ ማስታወቂያ አይለይም።

ሌላም ልዩነት አለ። የመኮንኑ ማዕረግ ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ ጡረታ ወጥቶም ኮሎኔል እየተባለ ይጠራል። የሆቴሉ ኮከብ ግን የቤቱ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ፣ ምንጣፉ ሲያልቅ፣ ሊፍቱ ሲቆም ኮከቡም አብሮ ያረጃል፤ እንደገና ሲመዘንም ሊቀነስ ይችላል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ብሂል ለሆቴል ባለቤት አይሠራም። ሆቴል በሹመቱ ዘመን ከበላ ሳይሆን በሹመቱ ዘመን ካደሰ ነው የማይቆጨው።

ኮከብና ትርፍ

ኮከብ መጨመር ሁልጊዜ ትርፍ ይጨምራል ወይ? አንድ የስሌት ምሳሌ እንውሰድ። ባለ 40 ክፍል ሆቴል በ3 ኮከብ ደረጃ አንዱን ክፍል በቀን 3,000 ብር ያከራያል እንበል። ከክፍሎቹ 60 በመቶው፣ ማለትም 24 ክፍል፣ ቢያዝ የቀን ገቢው 72,000 ብር ነው። ባለቤቱ ለአራተኛው ኮከብ ሲል ሕንፃውን አደሰ፣ ሠራተኛ ጨመረ፣ ዋጋውንም ወደ 4,000 ብር አሳደገ። ዋጋው የከበደው ደንበኛ ሸሽቶ የሚያዘው ክፍል ወደ 45 በመቶ ቢወርድ 18 ክፍል ይሆናል። 18 በ4,000 ሲባዛ 72,000 ብር ነው። ገቢው ሳይነቃነቅ ወጪውና የባንክ ወለዱ ብቻ ጨመረ ማለት ነው። አራተኛው ኮከብ የሚያዋጣው ከፍ ያለውን ዋጋ የሚከፍል ደንበኛ በአካባቢው ካለ ብቻ ነው።

የልደታ ደንበኛ ማነው? ልደታ የሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ጉዳይ ኖሮት ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ባለጉዳይ አለ። መርካቶ ዕቃ ሊያነሳ የሚመጣ ነጋዴም አለ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ቅርበት፣ ንጹሕ አንሶላና የማይቋረጥ ውሃ ነው። ለመዋኛ ገንዳ የሚከፍሉበት ምክንያት የላቸውም። በ1966 ዓ.ም. ደርግ ሲቋቋም አባላቱ ከሻለቃ ማዕረግ የማይበልጡ ነበሩ፤ ይሁንና ጄኔራሎቹን ያሰሩት እነሱ ናቸው። ማዕረግና ጉልበት አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ ኮከብና ገበያም አንድ አይደሉም።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንመለስ

ታዲያ የልደታው ፈርኒሽድ ቤት ኮከብ ሊኖረው ይችላል? የሆቴል ኮከብ የሚለካው ቤቱን በጠቅላላው ነው፤ መግቢያውን፣ እንግዳ መቀበያውን፣ ደረጃውን፣ የውሃና የመብራት መጠባበቂያውን፣ የጥበቃውን ሥራ። የኮንዶሚኒየም ባለቤት ብቻውን የሚያዝበት ግን ከበሩ ወደ ውስጥ ያለውን ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ መተላለፊያውና ግቢው የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው። ሶፋውን ከዱባይ ቢያስመጣም ሊፍት የሌለውን ሕንፃ ሊፍት እንዲኖረው ብቻውን ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ “ባለ 5 ኮከብ ኮንዶሚኒየም” የሚባለው ሲበዛ ባለ 5 ኮከብ ሶፋ ነው።

ሕጉም መታየት አለበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ቤቱን በቀን ሂሳብ ለመንገደኛ የሚያከራይ ሰው ሥራው ከመኖሪያ ኪራይ ይልቅ ለእንግዳ ማረፊያ ንግድ የቀረበ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማፍሰሱ በፊት ስለ ንግድ ፈቃዱና ስለ ግብሩ በወረዳው አጣርቶ መጀመር ይበጀዋል። ጎረቤትም የጋራ ደረጃው የሆቴል ኮሪደር ሲሆንበት ዝም አይልም።

ስለሆነም ለገዢም፣ ለደላላም፣ ለባለሀብትም የሚበጀው አንድ ነው። ኮከብ ሲጠራባችሁ ሰጪውን፣ መስፈርቱንና የተሰጠበትን ዓመት ጠይቁ። የምስክር ወረቀት ካለ በዓይናችሁ እዩት። ከሌለ ኮከቡን ትታችሁ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ታንከሩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖር አለመኖሩን፣ ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ጠይቁ። ይህን በቅንነት የሚናገር ደላላ ደንበኛው ይመለስለታል። በባዶ ኮከብ የሚሸጥ ግን ውሃ በጠፋበት በመጀመሪያው ጠዋት ስልኩ ይጮኻል።