ያውቁ ኖሯል? በካርቱም የተሠራው «ከሊፋ» የተባለው መድፍ

በንኡሳን አምሳለ ታንኮች የጦርነት ጨዋታ ለሚጫወቱ ሰዎች የጀርመንና የሩስያ ብረት ለበሶች እጅግ የተለመዱ ናቸውና፣ ብርቅ የሆነውን ዓይነት የሚሻ ሁሉ ዓይኑን ወደ ካርቱም ቢመልስ ድካሙ ከንቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የሱዳን ወታደራዊ ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን «ከሊፋ» ብሎ የሰየመውን ተሽከርካሪ መድፍ ያስገኘው፣ በሶቪየት ዘመን የተፈለሰፈውን ዲ-30 የተባለ ባለ 122 ሚሊ ሜትር መድፍ በሩስያው የጭነት መኪና በካማዝ ጀርባ ላይ በመትከል ነው። ስለዚህም በ1/72 መጠን ሊሠራው የሚወድ ባለሞያ ከአንዱ ሣጥን መኪናውን፣ ከሌላው መድፉን ወስዶ ያዋሕዳል፤ የአፈሙዙ ቀዳዳ ግን 1.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናልና ትዕግሥት ያሻዋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከብረቱ ይልቅ ስሙ ሳይስበው አይቀርም፤ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ሲወድቁ የገጠማቸውን የመሐዲስቶች ሠራዊት የላከው ከሊፋ አብዱላሂ ነበርና። ይኸው ኮርፖሬሽን ቲ-55 የተባለውን ታንክ አድሶ «ዲግና» ብሎታል፤ ስሙ የሚያስታውሰን ዑስማን ዲግናም በ1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ በራስ አሉላ ድል የተነሣ የጦር አለቃ ነው (ታንክን በተሸነፈ አለቃ ስም መጥራት መቼም ድፍረት ይጠይቃል)። «አል-ዙበይር 2» እና «አል-በሺር» የተባሉት ግን ከቻይና ታንኮች የተቀዱ ስለ ሆኑ፣ ከቀለም በቀር ለሠሪው እጅ ብዙ ሥራ አይተዉለትም።