ሲዬራ ኦንላይን፦ ተራራ ሥር ያደገው የጌም አሳታሚ

ኢተያ ላይ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ እንደ ማንኛውም የአርሲ ከተማ፣ ልጆች ጌም ቤት ገብተው ተራ ይጠብቃሉ። ሒሳባቸውን ከፍለው ኳስ ይጫወታሉ፣ ተሸናፊው ይነሣል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ከእነሱ አንዱ «ይህን ነገር የሚሠሩት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? እንዴትስ ጀመሩት?» ብሎ ቢጠይቀኝ ስለ ሲዬራ ኦንላይን አጫውተዋለሁ። ሲዬራ ለቤት ኮምፒውተር ጌም አሳትመው መሸጥ ከጀመሩት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ ነው። ስሙ የገነነውም በአሜሪካ ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ አቅራቢያ፣ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ሆኖ ነው። የጭላሎን ተራራ እያየ ላደገ ልጅ ይህ ታሪክ ቅርብ ነው ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በ1979 ነው። ኬን ዊሊያምስ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚኖር ፕሮግራመር ነበር። በስልክ መስመር ከትልቅ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ተርሚናል ቤቱ አስገባ። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ዊል ክራውዘር ጀምሮት ዶን ዉድስ ያስፋፋው «ኮሎሳል ኬቭ» የሚባል የዋሻ ጨዋታ ተቀምጦ ነበር። ሥዕል የለውም። ማሽኑ «መንገድ ዳር ቆመሃል፣ ከፊትህ የጡብ ቤት አለ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ያወጣል፤ ተጫዋቹ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ በኪቦርድ ይጽፋል። ኬን ለባለቤቱ ለሮበርታ አሳያት። ልጆቿን የምታሳድገው ሮበርታ ከዚያ በፊት ለኮምፒውተር ምንም ፍቅር አልነበራትም። ጨዋታውን እስክትጨርሰው ድረስ ግን አልለቀቀችውም። ሲያልቅባት ሌላ ፈለገች፤ የሚያጠግባት ስታጣ ወረቀት አውጥታ በወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ የራሷን መንደፍ ጀመረች።

በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀምራ ነበር። አዛውንቶች ሳይቀሩ ሀ ሁ የሚቆጥሩበት ጊዜ ነው። ይህን የማነሣው ለቁጭት አይደለም፤ ሁለቱ ታሪኮች ምን ያህል ተራርቀው እንደ ተነሡና ዛሬ ምን ያህል እንደ ተቀራረቡ ልብ እንዲባል ነው።

ሮበርታ የነደፈችው ታሪክ «ሚስትሪ ሃውስ» ይባላል። አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት፣ በውስጡ ሰባት ሰዎች፣ የተደበቀ ጌጣጌጥ፣ ከሰባቱም መካከል አንድ ነፍሰ ገዳይ አለ። ተጫዋቹ ክፍል ለክፍል ሲዞር ሰዎቹ አንድ በአንድ ሞተው ይገኛሉ። ሐሳቡን ያገኘችው ከአጋታ ክሪስቲ የወንጀል ልቦለድ ነው። ሮበርታ አንድ ጥያቄ ነበራት፦ ታሪኩ ለምን ሥዕል አይኖረውም? በዚያን ጊዜ በቤት ኮምፒውተር ላይ ሥዕል ያለው የጀብዱ ጌም ማንም አልሠራም ነበር።

እዚህ ላይ የኬን ሥራ ይመጣል፤ የፕሮግራም ጥበብ ምን እንደ ሆነ የሚያሳይ ስለ ሆነ ጠጋ ብለን እንየው። የገዙት አፕል ቱ የሚባለውን ኮምፒውተር ነው። በዚህ ማሽን አንድ ሙሉ የስክሪን ሥዕል 8 ኪሎባይት ቦታ ይይዛል። ታሪኩ ደግሞ ወደ 70 ሥዕል ይፈልጋል፤ ሲባዛ 560 ኪሎባይት ነው። አንዱ ፍሎፒ ዲስክ ቢበዛ የሚይዘው 140 ኪሎባይት ነበር። ስለዚህ ኬን ሥዕሉን ማስቀመጥ ትቶ አሳሳሉን አስቀመጠ። ሮበርታ በወረቀት የሣለችውን በአንዲት የመቅጃ ሰሌዳ ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን መስመር በእጀታዋ ይከታተላሉ፤ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው። አንድ በር አራት መስመር ከሆነ የሚበቃው ጥቂት ቁጥር ነው። ተጫዋቹ ወደ ክፍሉ ሲገባ ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን እያነበበ ሥዕሉን ዓይኑ ሥር መስመር በመስመር ይሥላል። ሥዕሎቹ ዛሬ ሲታዩ የሕፃን ልጅ ሥራ ይመስላሉ። እኔ ግን ከብዙ ያሸበረቁ ጌሞች ይልቅ እነዚህን አደንቃለሁ፤ ማሽኑ የማይችለውን ነገር በብልሃት አስችለውታልና።

አጨዋወቱ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። በአማርኛም በኦሮምኛም እንቆቅልሽ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል፦ ጠያቂው ነገሩን ሸፍኖ ያቀርባል፣ መላሹ ይሞክራል፣ ካቃተው አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። በሲዬራ ጌሞችም ተጫዋቹ በሁለት ቃል፣ «በር ክፈት»፣ «ሻማ አብራ» እያለ ያዛል፤ ማሽኑ ቃሉን ካላወቀው አልገባኝም ይላል። መላው የጠፋው ተጫዋች ኋላ ላይ ድርጅቱ የሚሸጠውን የፍንጭ መጽሐፍ ይገዛል፤ አገር መስጠት ማለት ይኸው ነው።

ሚስትሪ ሃውስ በሜይ 1980 ለገበያ ቀረበ። ዋጋው 24 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ማሸጊያው አፉ የሚገጥም ተራ የላስቲክ ከረጢት ነው፤ ዲስኩና መመሪያው በውስጡ። በኮምፒውተር መጽሔት ማስታወቂያ አወጡ፤ ግራ የገባው ተጫዋች ፍንጭ ፍለጋ የሚደውለው የቤታቸው ስልክ ላይ ነበር። ከ10,000 በላይ ተሸጠ፤ ለዚያን ጊዜ የማይታመን ቁጥር ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያወጡት ባለ ቀለሙ «ዊዛርድ ኤንድ ዘ ፕሪንሰስ» ደግሞ ከዚያም እጅግ በላይ ተሸጠ።

ገንዘቡ ሲገባ ባልና ሚስቱ ከተማውን ለቀው ወደ ሲዬራ ኔቫዳ ተራሮች ግርጌ፣ መጀመሪያ ኮርስጎልድ ቀጥሎም ኦክኸርስት ወደሚባሉ ቦታዎች ሄዱ። ኦን-ላይን ሲስተምስ ይባል የነበረው ድርጅትም በ1982 ስሙን ከተራራው ወስዶ ሲዬራ ኦንላይን ተባለ። ዓርማው ላይ የሚታየው የዮሰሚቲው ሃፍ ዶም ቋጥኝ ነው።

ገጠር ውስጥ የሰለጠነ ሠራተኛ ከየት ይገኛል? ኬን ከየከተማው ወጣት ፕሮግራመሮችን ጠራ፤ የአካባቢውንም ሰው ቀጠረ። በ1981 የወጣውን «ዩሊሲስ ኤንድ ዘ ጎልደን ፍሊስ» የሠራው ሰው ከዚያ በፊት በመጠጥ መሸጫ ይሠራ ነበር። ጌም ሠሪው ሪቻርድ ጋሪየት ደግሞ «አልቲማ 2» የተባለ ጌሙን ይዞ ወደ ሲዬራ የመጣው በጨርቅ የታተመ ካርታ በሳጥኑ ውስጥ እንዲገባለት ፈልጎ ነው፤ እነሱም አሳተሙለት።

ከዚያ ውድቀቱ መጣ። በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ሲናጋ ሲዬራ ማሽን ላይ በሚሰካ የጌም ካርትሪጅ ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ነበር። ዲስክ ገዢ ሲገኝ የሚገለበጥ ነገር ነው። ካርትሪጅ ግን በውስጡ ቺፕ ስላለው አስቀድሞ በብዛት ታዝዞ፣ አስቀድሞ ተከፍሎበት የሚመረት ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ዕቃው በመጋዘን ቀረ፤ ከመቶ በላይ የነበረው ሠራተኛ አብዛኛው ተሰናበተ።

ያተረፋቸው ከኮምፒውተር አምራቹ ከአይቢኤም የመጣ ሥራ ነው። አይቢኤም ፒሲጁኒየር የሚባል አዲስ የቤት ኮምፒውተር ሊያወጣ ሲል አቅሙን የሚያሳይ ጌም እንዲሠሩለት ከፈላቸው። ሮበርታ «ኪንግስ ኩዌስት»ን ነደፈች፤ በ1984 ወጣ። ሰር ግራሃም የሚባል ባላባት ሦስት የጠፉ ቅርሶችን ፍለጋ የተረት አገር ውስጥ ይዞራል። እስከዚያ ድረስ የጀብዱ ጌም ሥዕል በአብዛኛው የማይንቀሳቀስ ነበር። እዚህ ግን ሰውየው ይራመዳል፣ ከዛፉ ኋላ ሲያልፍ ይሸፈናል፣ ወደ ፊት ሲመጣ ዛፉን ይሸፍናል። ይህ እንዴት ሆነ? ከእያንዳንዱ ከሚታይ ሥዕል ጀርባ ሌላ የማይታይ ሥዕል አለ፤ እያንዳንዱ ነገር ምን ያህል ሩቅ ወይም ቅርብ እንደሆነ በቀለም ቁጥር የተመዘገበበት። ኮምፒውተሩ ሰውየውን ከመሣሉ በፊት ያንን እያየ የትኛው የትኛውን እንደሚሸፍን ይወስናል።

ጌሙ እንከን የለውም አልልም። በመንገዱ ላይ አንድ ድንክ ስሙን አውቀህ ንገረኝ ይላል። ስሙ ከአውሮፓ ተረት የታወቀው ራምፕልስቲልትስኪን ነው። መልሱ ግን የእንግሊዝኛውን ፊደል ተራ ገልብጦ፣ ለመጀመሪያው ፊደል የመጨረሻውን እየተካ መጻፍ ነው፤ የተሰጠው ፍንጭ ደግሞ አንዳንዴ ወደ ኋላ ማሰብ ጥሩ ነው የሚል ብቻ። ጥሩ እንቆቅልሽ መልሱ ሲነገር «ውይ፣ እንዴት ጠፋኝ!» ያሰኛል። ይህኛው አያሰኝም።

ፒሲጁኒየር ራሱ ገበያ አጥቶ ቀረ። ጌሙ ግን ታንዲ ለተባለው ተመሳሳይ ማሽን ሲቀርብ ተሸጠ፤ ሲዬራም ዳነ። በእኔ ግምት ከሽያጩ በላይ የጠቀማቸው ለዚሁ ጌም የሠሩት መሣሪያ ነው። ታሪኩን፣ ሥዕሉንና ድምፁን ከማሽኑ ለይተው አስቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ የኮምፒውተር ዓይነት ደግሞ ያንን አንብቦ የሚያጫውት አንድ ፕሮግራም ጻፉ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ታሪክ ለመሥራት ማሽኑን ከሥር መጀመር ቀረ። ለዚህ ነው ከካሊፎርኒያ የመንገድ ፖሊስነት የወጣው ጂም ዎልስ በ1987 «ፖሊስ ኩዌስት»ን መንደፍ የቻለው፤ የፖሊስን ሥራ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ኮምፒውተሩን የሚያውቅ ሌላ አለ። ሮበርታም በ1988 በወጣው አራተኛው ኪንግስ ኩዌስት ንጉሥ የሆነውን ግራሃምን አስተኝታ ልጁን ሮዘላን ዋና ባለታሪክ አደረገች። ሴት ልጅ አገር አዳኝ የምትሆንበት ጌም በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ አጭርና መራራ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ዋሽንግተን ግዛት፣ ወደ ቤልቪው ሄደ። በ1996 ድርጅቱ ሲዩሲ ለተባለ ኩባንያ በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አክሲዮን ተሸጠ። ሲዩሲ ለዓመታት የሐሰት ሒሳብ ሲያቀርብ መኖሩ በ1998 ተጋለጠ፤ ሊቀመንበሩ ዋልተር ፎርብስ በ2007 ከ12 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1999 የኦክኸርስት ስቱዲዮ ተዘጋ፤ ለአንዲት ትንሽ ከተማ ከባድ ዱላ ነበር። ጌሞቹን ያሳደጋቸው በአንድ ሰፈር የሚኖሩ የተራኪዎችና የፕሮግራመሮች ስብስብ ነበር። ውሳኔው ከዚያ ሰፈር ርቆ ጌም ወደማያውቁ ሰዎች እጅ ሲገባ ያበቃለት ይመስለኛል።

በዚያው በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። ለዚህ ከደከሙት አንዱ ፍሥሐ አጥላው ነው፤ ሲዬራ በነበረበት በካሊፎርኒያ፣ በ1980ዎቹ ዳሸን ኢንጂነሪንግን አቋቁሞ በኮምፒውተር አማርኛ የሚጻፍበትን ፕሮግራም ያዘጋጀ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ። ዛሬ ማንኛውም ስልክ ላይ አማርኛ መጻፍ የተቻለው በእንደዚህ ያሉ ሰዎች ልፋት ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ቅኔ ጌምስ የሚባል ስቱዲዮ አለ። ከባለቤቷ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን በ2018 ለስልክ አቅርቧል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ከሌሎች የአፍሪካ ስቱዲዮዎች ጋርም ፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕን መሥርቷል። ስለዚህ መንገዱ በእኛም አገር ተጀምሯል።

አርሲ ተረትና እንቆቅልሽ አያንሰውም፤ ያነሰው የሚያውቁትን ወደ ማሽን ለማስገባት አብረው የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ነው። አንዱ ተረቱን የሚያውቅ፣ አንዱ ኮምፒውተሩን። ኢተያ ወይም አሰላ ላለህ አንባቢ ይህን አደራ እላለሁ። ሚስትሪ ሃውስ ከ1987 ጀምሮ ለሕዝብ በነፃ የተለቀቀ ጌም ነው፤ የድሮ አፕል ቱን በሚያስመስል ነፃ ፕሮግራም በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ወረቀትና እርሳስ ይዘህ፣ የቤቱን ካርታ እየሣልክ እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ከዚያ አያትህ ከምትነግርህ ተረት አንዱን ምረጥ፣ አሥር ቦታ ብቻ ያለው ካርታ ሣልለት፣ ፕሮግራም መጻፍ ለሚችል ጓደኛህም ይዘህለት ሂድ።