የኤሌክትሪክ መኪና መሪ ሲከብድ ከየት እንጀምር?

ባለፈው የበረዶ ወራት እዚህ ሚኒያፖሊስ ልጄን ከመዋያ ላመጣ ወጥቼ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ግራ ታጠፍኩ። መሪው ከበደኝ። መታጠፉንስ ታጠፈ፤ ስለቀው ግን ወደ መሐል አልመለስም አለ። ከፊት ለፊት አውቶቡስ እየመጣ ስለነበር በሁለት እጄ ጎትቼ መለስኩት።

ሙያዬ ሶፍትዌር ነውና የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ በዚያው ሳምንት የተጫነው አፕዴት ላይ ነበር። መሪው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳና ጥርጣሬዬ ምን ያህል እንደሳተ ታያላችሁ።

በድሮዎቹ መኪኖች መሪውን የሚያቀለው ሞተሩ የሚያሽከረክረው የዘይት ፓምፕ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ይህን ሥራ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራዋል። መሪውን ስታዞሩ አንድ ቀጭን ዘንግ በጥቂቱ ይጠመዘዛል፤ ሴንሰር ጥምዘዛውን ያነብባል፤ ኮምፒውተሩ ከመኪናው ፍጥነት ጋር አገናዝቦ ሞተሩን ‘ይህን ያህል እርዳ’ ይለዋል። ቀስ ስትሉ ብዙ ይረዳል፣ ስትፈጥኑ ይቀንሳል። ስለዚህ መሪ ሲከብድ ወይ ሞተሩ በቂ ኤሌክትሪክ አላገኘም፣ ወይ ኮምፒውተሩ እርዳታውን ቀንሷል፣ ወይ ደግሞ ብረቱ ራሱ አልላወስ ብሏል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የመሪው ሞተር የሚመገበው ከትልቁ ባትሪ በቀጥታ ሳይሆን ከባለ 12 ቮልቱ መስመር ነው። ስክሪኑ ላይ 80 ከመቶ ማየታችሁ ስለ መሪው ምንም አይነግራችሁም። እኔም ጠዋት መኪናው ሳይበራ ባትሪውን ብለካው 12.1 ቮልት አነበብኩ። ሙሉ የሆነ የሊድ አሲድ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ‘አገኘሁት!’ ብዬ አዲስ ገዛሁ። መሪው ግን ያው ነው።

መለካት የነበረብኝ መኪናው በርቶ ነበር። ያኔ መስመሩ በብዙ መኪኖች ከ13 እስከ 14.5 ቮልት ያሳያል። ሌላ ሰው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዞር ቁጥሩ ብዙም ካልወረደ ሞተሩ አልተራበም ማለት ነው። (አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የሚጠቀሙት የሊቲየም ባትሪ ስለሆነ ቁጥሩ ይለያል። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ግን በምንም ምክንያት አትንኩ።)

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አየሁ። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፤ መሪው ‘ስፖርት’ ላይ ተደርጎ ከሆነ ሆን ተብሎ ይከብዳል። ከዚያ ስህተቶቹን በኮድ አንባቢ አውጡ። ርካሾቹ አንባቢዎች የመሪውን ኮምፒውተር ስለማያዩ ለመኪናችሁ የሚሆን መተግበሪያ ያስፈልጋችኋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ባለ 17 ምልክቱን የሻንሲ ቁጥር በመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በነፃ ፈትሹ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቴስላ 376 ሺህ ያህል መኪኖችን የጠራው በዚሁ በመሪ እርዳታ ጉዳይ ነበር፤ መፍትሔውም የሶፍትዌር ማሻሻያ ነበር። የእኔ መኪና ሌላ ነው፤ ጥሪም የለበትም፣ አንድም ኮድ አልወጣም።

የቀረው ብረቱ ነው። የጎማው ንፋስ ልክ ነበር። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቼ፣ መደገፊያ አስገብቼ (በክሪክ ብቻ አትተማመኑ) መሪውን ቀስ ብዬ አዞርኩ። በአንድ ሙሉ ዙር ሁለት ጊዜ ይከብዳል፣ በመሐሉ ይቀላል። ይህ የመስቀለኛ መገጣጠሚያ ጠባይ ነው፤ የመሪውን ዘንግ ከታች ካለው ማርሽ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ቁራጭ ማለቴ ነው። መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው አዝጎት ነበር።

ኮድ ያልወጣበትን ምክንያት ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ። በእኔ መኪና ሴንሰሩ ያለው ከመገጣጠሚያው በታች፣ ማርሹ ላይ ነው። እጄ የሚታገለው ዝገት ደግሞ ከሴንሰሩ በላይ። ኮምፒውተሩ የሚያየው ዝገቱን አልፎ የደረሰውን ጉልበት ብቻ ስለሆነ በእሱ ቤት ሁሉም ሰላም ነው!

የጠየቅሁት ጋራዥ ከነማርሹ ሙሉውን ቀይር ብሎኝ ነበር። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት መገጣጠሚያው ላይ ስረጭበት መሪው ለሁለት ቀን ቀለለ። ዘይቱ ጥገና አይደለም፣ ግን ምርመራዬን አረጋገጠልኝ። ሌላ መካኒክ ዘንጉን ብቻ ቀየረው። ራሴ ያልነካሁት ዘንጉ ወጥቶ ሳለ መሪው ቢሽከረከር ለኤርባጉ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው የተጠቀለለ ገመድ ሊበጠስ ስለሚችል ነው። ብሎኑም በአዲስ ተተክቶ በልኩ መጥበቅ አለበት።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ በስልክ የሚመጣብን ብዙ ሳንሆን አንቀርም። ታናሽ ወንድሜ በቀደም ከአዲስ አበባ ደውሎ “መሪው ከበደኝ” አለኝ።

“ስትለቀው ይመለሳል?”

“ይመለሳል፣ ቀስ ብሎ።”

ከተመለሰ ብረቱ አልያዘውም ማለት ነው ብዬ የጎማውን ንፋስ አስለካሁት። 36 መሆን የነበረበት 22 ነበር።