በግንድ ውስጥ የተገኘች ቍጫጭ በምን ትታወቃለች?

በገጠር የወደቀና የበሰበሰ ግንድ በመጥረቢያ ሲፈለጥ፥ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚበልጡ ጥቋቍር ፍጥረቶች ከስንጥቁ ሲፈሱ ብዙ ጊዜ ይታያል። ካዩትም ሰዎች አንዱ «ምስጥ ነው» ሲል ኹለተኛው «ቍጫጭ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳይመረምር እሳት ይለቅበታል። ነገር ግን ሳያውቁ መፍረድ ጕዳት አለው። ምስጥ እንደ ኾነ፥ ግንዱን ከቤት ምሰሶ አጠገብ ማኖር አይገባም፤ ጕንዳን እንደ ኾነች ግን እንጨቱን ማደሪያ ታደርገዋለች እንጂ አትበላውም። የጕንዳንም ወገን ኹሉ ጠባዩ አንድ አይደለም። ስለዚህ የመለየቱ ሥርዓት በየተራው ከዚህ በታች ተገልጿል።

አስቀድሞ ምስጥንና ጕንዳንን መለየት ያስፈልጋል። የምስጥ ደረትና ሆድ ያለ ወገብ የተያያዘ ነው፤ በራሱ ላይ ያሉት ኹለቱ መዳሰሻዎችም እንደ ተሰካ ዶቃ ቀጥ ያሉ ናቸው። የጕንዳን ወገብ ግን እጅግ የቀጠነ ነው፤ መዳሰሻዋም እንደ ሰው ክንድ በክርን የታጠፈ ነው። ይኽን ምልክት ያየ ሰው ከቶ አይሳሳትም።

ከዚህ በኋላ የጕንዳኗን ወገን ለማወቅ፥ ዐሥር ጊዜ የሚያጐላ መነጽርና ነጭ ሳሕን ይዘጋጅ። ጥቂት ሠራተኞች በንጹሕ አልኮል፥ እርሱም ቢታጣ በብርቱ አረቄ ውስጥ ይግቡ፤ ሳይበሰብሱ ይቈያሉና። በቀለምና በቁመት ብቻ መፍረድ ግን አይገባም። ከሙሽሬው ገና የወጣች ጕንዳን ቀለሟ የነጣ ነው፤ በአንዳንድ ወገንም በአንድ ጐጆ ውስጥ ታናሽና ባለ ትልቅ ራስ ሠራተኞች አብረው ይኖራሉ።

የመጀመሪያው ምልክት ወገብ ነው። በደረትና በሆድ መካከል ኹለት ቋጠሮ ያላቸው ወገኖች አሉ፤ አንድ ቋጠሮ ብቻ ያላቸውም አሉ። አንድ ቋጠሮ ካላት የሆዷ ጫፍ ይመርመር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መንደፊያ አላቸው። ሌሎች አንዳንዶቹ ግን በመንደፊያ ፈንታ በጠጕር የተከበበች ክብ ቀዳዳ አለቻቸው፤ በእርሷም የሚኰመጥጥና የሚያቃጥል ውሃ ይረጫሉ።

ኹለተኛው ምልክት የመዳሰሻው አንጓ ቍጥር ነው። ክብ ቀዳዳ ካላቸው ጕንዳኖች የሚበዙት ሠራተኞች 12 አንጓ አላቸው። አንጓው 11 ከኾነ፥ የወገቧ ቋጠሮ ከላይ ይታይ። በቋጠሮው ጫፍ ላይ እንደ ቀንድ የቆሙ ኹለት ጥርሶች ወይም እሾሆች ቢገኙ፥ መካከለኛው ደረቷም ቀጠን ቢል፥ ይህች ጕንዳን ሌፒሲዮታ ከተባለው ወገን ናት ማለት ይቻላል።

ኾኖም ወገንን ማወቅና ዓይነትን ማወቅ አንድ አይደለም። የሌፒሲዮታ ዓይነቶች ብዙዎች ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ይመሳሰላሉ። መምህሩ በመነጽሩ እስከ ወገኑ ይደርሳል፤ ዓይነቱን ግን በሙዚየም ከተቀመጡት ጋር የሚያስተያይ ሊቅ ይወስነዋል። ስለዚህ በጠርሙሱ ውስጥ የቦታው ስም፥ ቀኑና የእንጨቱ ዓይነት በእርሳስ ተጽፎ ይግባ፤ ቀለም በአልኮል ይጠፋልና። ይኽ ጽሑፍ የሌላት ጕንዳን ከየት እንደ መጣች የማይታወቅ እንግዳ ትመስላለች።

ይኽ ኹሉ ድካም ለከንቱ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 በታተመ ጥናት፥ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለች ታናሽ ጕንዳን በሰሜን ኢትዮጵያ በአብያተ ክርስቲያናት ደንና በአካባቢው ሰፊ ማኅበር መሥርታ መገኘቷ ተገልጿል። ከማኅበሮቹ ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት የሚደርስ ነው። በብዙ ጕንዳኖች ዘንድ የኹለት ጐጆ ልጆች ሲገናኙ ይዋጋሉ፤ በእንዲህ ያለው ማኅበር ግን ከሩቅ የመጡት እንደ አንድ ቤት ልጆች በሰላም ይኖራሉ፤ ስለዚህም ይበዛሉ። ይህች ጕንዳን የአገራችን ተወላጅ ናት፤ ዳሩ ግን ዘመዷ የኾነች ሌላ ሌፒሲዮታ በ2015 በአውስትራሊያ በዳርዊን ወደብ በተገኘች ጊዜ፥ እንዳትስፋፋ ተብሎ የወደቡ ሥራ ለጥቂት ቀኖች ተቋርጦ ነበር።

ይኽን ነገር ተማሪዎች በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። ከአንድ ግንድ ጥቂት፥ ከሩቅ ግንድም ጥቂት ሕያዋን ጕንዳኖች በአንድ ሳሕን ላይ ይደረጉ፤ ይነካከሱ እንደ ኾነ ወይም በመዳሰሻቸው ተዳስሰው ይተላለፉ እንደ ኾነ ይጻፍ። ፈተናው ሲፈጸም ግን እያንዳንዱ ወደ ወጣበት ግንድ ይመለስ።

ጕንዳን በእግሯ ሩቅ አትሄድም፤ ሩቅ የሚወስዳት ሰው የሚጭነው ግንድ ነው። እንግዲህ ሽማግሎችም ኾኑ መምህራን፥ ጕንዳን ያለበት ማገዶ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ እንዳይጫን ቢመክሩ፥ ማንነቷም ሳይታወቅ ግንዱ እንዳይቃጠል ቢከለክሉ፥ ደኑንም ቤቱንም ይጠብቃሉ።