ቦስተንን ከመስኩ ጀምሩ

ቦስተንን ሊጎበኝ የሄደ ሰው ካሜራውን የሚያዞረው ወደ ቢከን ሂል ቀይ የጡብ ቤቶችና የጋዝ ፋኖሶች ነው። ከኮረብታው ግርጌ የተንጣለለውን ቦስተን ኮመንን እግር እንደሚያሳርፉበት መናፈሻ ቆጥሮት ያልፋል። ለሰፈሩ መልክ የሰጠው ግን ይኸው ባዶ መስክ ነው። ነዋሪዎቹ በ1634 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዊልያም ብላክስተን ለተባለ ቄስ 30 ፓውንድ አዋጥተው ከፈሉ፤ መሬቱም የወል ግጦሽና የወታደር መለማመጃ ሆነ። የወል የሆነ ነገር ተግጦ ማለቁ አይቀርም የሚሉ አሉ። የቦስተን ሰዎች ግን በ1646 የሚሰማሩትን የወተት ላሞች በ70 ወሰኑ፤ በ1822 የወጣው የከተማዋ ቻርተር ደግሞ መስኩ እንዳይሸጥ ከለከለ። ላሞቹ በ1830 ቢከለከሉም 20 ሄክታር ያህሉ መስክ እስከ ዛሬ አለ።

ቤት ያልተሠራበት መሬት ብዙ ነገር አስተናግዷል። ከ1768 ጀምሮ የእንግሊዝ ጦር ሰፍሮበታል፤ በሚያዝያ 1775 ወደ ሌክሲንግተን የዘመቱት ወታደሮች በጀልባ የተነሡት ከግርጌው ነው። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ሕንፃ በ1798 ፊቱን ወደ መስኩ አድርጎ ተሠራ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1965 ሰልፈኛ ይዞ የመጣውም፣ በ1969 የቬትናምን ጦርነት የተቃወሙት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተሰበሰቡትም እዚሁ ነው። ከቤቶቹ የትኛው ይህን ሁሉ ሊይዝ ይችል ነበር?

«በሥሩ የምድር ባቡርና የመኪና ማቆሚያ ተቆፍሮ፣ ምን አሮጌነት ቀረው?» የሚል ይኖራል። እንዲያውም የ1897ቱ ባቡርም የ1961ዱ ማቆሚያም ወደ ምድር መግባታቸው ለእኔ ማስረጃ ነው፤ ላይኛው ለድርድር አልቀረበም። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መስኩ የወል ቢባልም ዙሪያው የባለጠጎች ነበር። እውነት ነው፤ መስኩን የሚያየውን ደቡባዊ ተዳፋት ሀብታሞች ያዙት፣ ጥቁሮች ግን በሰሜኑ በኩል ተጠጋግተው ኖሩ፤ በ1806 የሠሩት የአፍሪካውያን መሰብሰቢያ ቤትም ዛሬ ድረስ እዚያው ቆሟል። ይህን ታሪክ የዘለለ ጉብኝት ግማሽ ጉብኝት ነው።

ስለዚህ ከፓርክ ስትሪት ጣቢያ ስትወጡ፣ ጎብኚውን ወደ መሐል ከተማ የሚወስደውን ቀዩን የፍሪደም ትሬይል መስመር ለከሰዓት አቆዩት። መጀመሪያ መስኩን አቋርጡና ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው የ54ኛው የጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦር መታሰቢያ ውጡ። ወደ መሰብሰቢያ ቤቱ የሚያደርሰው የጥቁሮች ቅርስ መንገድ የሚጀምረው ከዚያ ነው።