ተቃውሞዎ መዝገብ ይግባ፣ ስልክዎ ግን አይለጠፍ

ከባሕር ዳር በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ የሚሄደው መንገድ የሚያልፍባት ዱርቤቴ፣ የደቡብ አቸፈር ወረዳ መቀመጫ፣ እንደ ሌሎቹ የጎጃም ከተሞች ወደ እርሻው እየሰፋች ነው። ከተማ ሲሰፋ መንገድ ይቀየሳል፣ ቦታ ይሸነሸናል፣ የአንዱ ማሳ የሌላው ግቢ ይሆናል። ቡሬ ላይም በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያረፈው ገበሬ ሲያርሰው በኖረ መሬት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ መብቴ ተነካ የሚል ሰው ማመልከቻ ይዞ ቢሮ ይሄዳል። በዚያች ማመልከቻ ላይ ስሙ፣ ስልኩ፣ የፋይዳ ቁጥሩ፣ አንዳንዴም የቤቱ ገመናና ሕመሙ ሳይቀር ይሰፍራል። ይህ ሁሉ ማን እጅ እንደሚገባ ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም።

የሚጠይቁት ደግሞ ከፍርሃት የተነሳ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። በአገራችን ስም ዝርዝር ላይ መስፈሩ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሹመት የነበራቸው ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ተመዘገቡ። እነሱ እንዲይዙ የተተወላቸው አንድ ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ ለሌላው ገበሬ ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። አቤት ለማለት ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ። ያን ዘመን ያየ አባት ልጁን «ፊርማህን የትም አታኑር» ቢለው አይፈረድበትም።

ታዲያ ስም ሳይናገሩ መቃወም ይቻላል? ጉዳዩ የይዞታ ወይም የካሳ ከሆነ አይቻልም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ወይም በንብረቱ ላይ ጥቅም ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ አቤቱታውን ለአቤቱታ ሰሚው አካል እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ውሳኔው ካላረካው ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እንግዲህ ስም የሌለው ማመልከቻ ከሆነ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ለማን ነው? ካሳውስ ለማን ይሰላል? ክርክሩ ከጎረቤት ጋር ከሆነ ደግሞ ያ ጎረቤት ማን ምን እንዳለው አውቆ መልስ የመስጠት መብት አለው። ስምዎን መናገሩ የመብትዎ ማስረጃ ስለሆነ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ቀበሌና ጎጥ ይጻፉ።

የከተማ ፕላን ውይይት ከዚህ ይለያል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል። እዚያ የሚመዘነው ሐሳቡ ነው። «መንገዱ የምንጩን ውኃ ያበላሻል» ለማለት የይዞታ ደብተር ማሳየት አያስፈልግም።

ስም ይነገር ማለት ሁሉም ነገር ይነገር ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ እንዲሆን፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብ፣ ለሌላ ነገርም እንዳይውል ያዛል። ጤናን፣ ሃይማኖትን፣ ብሔርንና የፖለቲካ አመለካከትን የሚመለከት መረጃ የበለጠ ጥበቃ አለው። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በቀላል አነጋገር፣ ስልክዎን የተቀበለው ክፍል ለቀጠሮ ከሆነ የተቀበለው ለቀጠሮ ብቻ ይደውልበት። ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው መጥቶ «የእከሌን ማመልከቻ አሳዩኝ» ቢልም፣ የመረጃ ነጻነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ራሱ የሦስተኛ ወገንን የግል መረጃ ያለ አግባብ የሚያወጣ ጥያቄ ውድቅ እንዲደረግ ያዛል።

ሆኖም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ገና ለጋ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣ ሕግ የወረዳ መዝገብ ቤት ድረስ ለመዝለቅ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያው ባለጉዳዩ ራሱ መጠንቀቅ አለበት። መረጃ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ደግሞ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ በልማድ ነው።

ዋናው ልማድ ግልባጭ ነው። ማመልከቻው ለአንድ ቢሮ ተጽፎ ግርጌው ላይ ግልባጭ ለወረዳው አስተዳደር፣ ለዞኑ፣ ለክልሉ፣ ለፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሳይቀር ይባላል። አመልካቹ ጉዳዬን ብዙ ሰው ቢያውቀው ይበጀኛል ብሎ ነው። ግን ግልባጩ ስልኩንና አባሪውን ሁሉ ይዞ ስለሚሄድ፣ አምስት ቦታ ግልባጭ ያደረገ ሰው አምስት መዝገብ ቤት ገብቷል። ግልባጭ ሊወስን ወይም ሊያስወስን ለሚችል አካል ብቻ ቢደረግ፣ እሱም ያለ አባሪ ቢሆን፣ ምንም አይጎድልም።

አባሪውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የገጠር ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አለበት፤ አዋሳኞቹም በስም ተጠቅሰዋል። ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሚሰጥ ሰው የጎረቤቶቹንም ስም አብሮ ሰጥቷል። ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ አግድም «ለዚህ አቤቱታ ብቻ የቀረበ» ብለው ቀኑን ይጻፉበት። የፋይዳ ካርድ ኮፒም እንደዚሁ። ማመልከቻውን ያስጻፉበት ኮምፒውተር ቤትም አይዘንጋ፤ ታትሞ ሲያልቅ ፋይሉ ከማሽኑ እንዲጠፋ አጠገቡ ቆመው ያስጠፉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የእናቶች ማመልከቻ ነው። ባል የሞተባት እናት የባሏ ወንድም መሬቷን ሲገፋት ማመልከቻዋን የምትጀምረው በሕመሟ ነው፤ የምትወስደውን መድኃኒት፣ የልጇን ችግር ሁሉ ትዘረዝራለች፣ አንባቢው እንዲራራላት። መሬቱን የሚያስመልስላት ግን ደብተሩና አዋሳኙ እንጂ ሕመሟ አይደለም። ባል የሞተባት መሆኑ ለጉዳዩ ይጠቅማል፣ ይጻፍ። የሕመሙ ስም ይቅር፤ ቢያስፈልግ ለሚጠይቃት ባለሙያ በቃል ትናገራለች። ይህን የሚያነቡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ካሉ እባካችሁ ምከሯቸው።

የጋራ ፊርማ ሲሰበሰብም በአንድ ወረቀት ላይ ስም፣ ስልክና ፊርማ ተደርድሮ ከቤት ቤት ይዞራል። ስልክ የተወካዮቹ ብቻ ይበቃል። ወረቀቱ በቴሌግራም ከተለቀቀ ደግሞ መመለሻ የለውም፤ ጸጥታው ባልተረጋጋበት በዚህ ጊዜ የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ለሕዝብ ሊታይ የሚገባው ነገር መኖሩንም መካድ አይገባም። መሬት ተለክቶ ካርታው ከባለይዞታዎቹ ስም ጋር ለሕዝብ የሚታየው ጎረቤት ስህተቱን እንዲያርም ነው፤ ያ ባይኖር ድንበር በስውር ይገፋ ነበር። በእንግሊዝም በግንባታ ፈቃድ ላይ የቀረበ ተቃውሞ ከነተቃዋሚው ስም ለሕዝብ ይቀርባል፤ ስልክና ፊርማ ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይሸፈናል። እኛም ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገን አንድ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው።

አቤቱታዎ በእርግጥ ስለ ሙስና ከሆነ፣ ለምሳሌ አረንጓዴ ቦታ ተሽጦ ከሆነ፣ በይዞታ ማመልከቻ ውስጥ አይክተቱት። ለጸረ ሙስና አካል በጥቆማ ያቅርቡት፤ ከባድ ወንጀል የሚጠቁም ሰው በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል። የአስተዳደር በደልን የሚመረምረው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም፣ በማቋቋሚያ አዋጁ መሠረት የጉዳዩን ክብደት አይቶ ስም ያልተገለጸበትን አቤቱታ ሊቀበል ይችላል።

በማመልከቻዎ መጨረሻ ከፊርማዎ በላይ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «የስልክ ቁጥሬና አባሪ ሰነዶቼ ለዚህ አቤቱታ ማጣሪያ ብቻ እንዲውሉ፣ ለሕዝብም እንዳይለጠፉ አመለክታለሁ።» በዱርቤቴ፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም መዝገብ ቤት የምትሠሩ፣ ይህ ተጽፎ ሲመጣ ገቢ ከማድረጋችሁ በፊት አንብቡት፤ ሳይጻፍ ቢመጣም ስልኩን ሸፍኑለት።