ከ«ምን አውቅልሽ» እስከ ፐዝል

ለልጁ ልደት ስጦታ ሊገዛ የወጣ ወላጅ አሻንጉሊት ቤት ገብቶ «ፐዝል አላችሁ?» ቢል፣ ሻጩ ምን እንደተፈለገ ወዲያው ይገባዋል። «እንቆቅልሽ አላችሁ?» ቢል ግን ሳይሳቅበት አይቀርም። በእኛ ዘንድ እንቆቅልሽ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። የሚፈልገው ሁለት ሰው ነው፤ አንድ ጠያቂና አንድ ተጠያቂ።

ቃሉ ራሱ ይህን ይናገራል። ለወንድ «እንቆቅልህ» ይባላል፤ እሱም «ምን አውቅልህ» ይላል። ለሴት «እንቆቅልሽ» ሲባል እሷም «ምን አውቅልሽ» ትላለች፤ ጠያቂዋ ሴት ከሆነች ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ልህ» ወይም «ልሽ» ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ትጠራለች። ጽሕፈት ለጨዋታው ስም ሲፈልግለት የሴቷን አነጋገር ወስዶ «እንቆቅልሽ» ብሎ አጸናው። (የመርካቶው ምናለሽ ተራም ቢሆን ለሴት የቀረበ ጥያቄ ነው።)

የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም የሳባ ንግሥት ሰሎሞንን ልትፈትነው የመጣችው በእንቆቅልሽ እንደሆነ ይነግረናል። ሶምሶንም በሠርጉ ግብዣ ላይ እንቆቅልሽ አቅርቦ በሠላሳ ሠላሳ ልብስ ተወራርዷል። በእኛ ቤት ግን ውርርዱ ከልብስም ይበልጣል። መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። እሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ እንዴት እንደተከበረ፣ ምን እንደበላና እንደጠጣ ያወራል፤ ተሸናፊውን በሳቅ ያበሽቀዋል፤ መልሱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ካርታ አይተው የማያውቁ ልጆች የአገራቸውን ስም አንድ በአንድ የለዩት በዚህ መንገድ ነበር።

የሚያስገርመው፣ የፈረንጆቹ ፐዝልም በአገር ነው የጀመረው። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን ካርታ ሠሪ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር ቆራረጠው። ልጆች አገሮቹን መልሰው እየገጠሙ ጂኦግራፊ ይማሩበት ነበር። እኛ አገር እየሰጠን ስንማር እነሱ አገር እየገጠሙ ተማሩ ማለት ነው።

«ፐዝል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቀድሞ ግስ ነበር፤ ትርጉሙም ግራ ማጋባት ነው። የመጫወቻ ዕቃ ስም የሆነው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ለአፍ ጨዋታው «ሪድል» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። እሱም «ማንበብ» ከሚለው ቃላቸው ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው፤ ጥንታዊ ፍቺውም መምከርና መተርጎም ነበር። በጋዜጣ ላይ ወደ ጎንና ወደ ታች የምንሞላው የቃላት ጨዋታ ደግሞ የሁሉም ታናሽ ነው። አርተር ዊን ኒው ዮርክ ውስጥ ያወጣው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው።

በእኛ ዜናዎች «እንቆቅልሽ» ዛሬ የሚሰማው «ያልተፈታ የፖለቲካ እንቆቅልሽ» እየተባለ ነው። ጨዋታው ቀርቶ ጭንቀቱ ብቻ የቀረለት ይመስላል። «መፍታት» የሚለው ግስ ግን ለቋጠሮም፣ ለሕልምም፣ ለቅኔም፣ ለእስረኛም ያገለግላል። «ፈታ በሉ» ስንባልም ያው ግስ ነው።

የልጅ እጅ ይዞ አትክልት ተራ ለገባ ሰው መልሶቹ በየመደቡ ተደርድረው ነበር። አራጇን የምታስለቅስ? ሽንኩርት። ልብስ በልብስ ላይ ደርባ የተቀመጠች? ጥቅል ጎመን። ዘውድ ደፍታ ለሽያጭ የቀረበች? አናናስ። «ተራ» የሚለው ቃልም ቢሆን ለጨዋታ ይመቻል። ሻጮች የሚደረደሩበት ቦታ ነው፤ «ተራህ ደረሰ» ሲባል ወረፋ ነው፤ «ተራ ነገር» ሲባል ደግሞ ከቁም ነገር የማይገባ ነው።

ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ። ስሙ ግን የቀላል ባቡሩ ጣቢያ ላይ ቀርቷል። «ዕቃው ሄዶ ስሙ የቀረ?» ብሎ ለልጅ መጠየቅ ይቻላል፤ አያት የነገረው ልጅ ይመልሳል፣ ያልተነገረው አገር ይሰጣል።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በፒያሳና በዙሪያዋ ብዙ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ፣ በአንድ ግቢ ያመሹ የነበሩ ጎረቤቶች በከተማዋ ዳር ዳር ተበታተኑ። እንደ እኔ ለልጆች ከጠባቡ ቤት ይልቅ የጎዳቸው ይህ ነው። ቤቱ ይተካል፤ ከመሸ በኋላ «ምን አውቅልሽ» የሚሉ አምስት ስድስት ልጆች በአንድ ደጃፍ ማግኘት ግን ከባድ ነው። አያትም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰፈር ናቸው።

ደግነቱ ጨዋታው መብራትም ዕቃም አይፈልግም፤ በስልክም ይሆናል። ዋሽንግተን ያለ የልጅ ልጅ አማርኛው ቢሰባበርም «ምን አውቅልህ» ለማለት አያንሰውም። አያቶች አንዲት ደንብ ብትጨምሩበት መልካም ነው፦ አገር የተሰጠው ሰው ስለዚያ አገር አንድ እውነተኛ ነገር ይናገር። ጎንደርን የወሰደ ስለ ፋሲል ግንብ፣ ሐረርን የወሰደ ስለ ጀጎል። ልጁ ዱባይን ከሰጣችሁም ተቀበሉት፤ በሚቀጥለው ዙር ግን ከአገር ውስጥ እንዲሰጥ ጠይቁት።